ሰዓቱም ኦፒየሙም ከአንድ ንግድ ቤት

የዛሬዋ ረዘም ትላለች፤ ቡና እስኪፈላ ጠብቃችሁ ብታነቧት ይሻላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳያችን የኪስ ሰዓት ነው። ያውም ተራ የኪስ ሰዓት አይደለም። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ከወርቅ የተሠራች፣ ጠርዟ ለሁለት በተሰነጠቁ ጥቃቅን ሉሎች የተከበበች፣ ጀርባዋ ላይ የአበባ እቅፍ ወይም ወፍ ወይም የሐይቅ ዳር መንደር የተሣለባት ሰዓት ናት። ሥዕሉ ተቀብቶ የደረቀ ቀለም አይደለም፤ በእሳት ቀልጦ ከወርቁ ጋር የተዋሐደ ነው። ለዚህም ነው ከ200 ዓመት በኋላ ትናንት የተሣለ የሚመስለው። እነዚህን ሰዓቶች የሠሩት ስዊሶች ናቸው፤ የገዟቸው ደግሞ ቻይናዎች። ከሠሪዎቹ አብዛኞቹ ቻይናን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ስለ ሰዓት ለመጻፍ ምን አነሳሳህ ካላችሁኝ፣ ምክንያቴ የኦፒየም ጦርነት ነው። የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ከክፍሉ አንድ ሰው እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ እንግሊዞች ሌላ የሚሸጡት ነገር አጥተው ነው?» ይላል። ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። ሙሉ መልሱ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አይነገርም። መልሱ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሰዓቶች አሉበት።

*

ነገሩ የሚጀምረው ከነጋዴ ሳይሆን ከመነኩሴ ነው። በ1601 ማቴዎ ሪቺ የተባለ ጣሊያናዊ ኢየሱሳዊ ቤጂንግ ገባ። (የእኛው ጴጥሮስ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። አንድ ማኅበር፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት ቤተ መንግሥት።) ሪቺ ለንጉሠ ነገሥት ዋንሊ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል ሁለት ሰዓቶች ነበሩ። ቻይናዎቹ «ራሱ የሚጮህ ደወል» ብለው ስም አወጡለት። ማንም ሳይነካው ጊዜውን ጠብቆ ይደውላላ!

ሰዓት ግን እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ሸክላ ዕቃ አይደለም። መሞላት አለበት፣ ሲቆም የሚጠግነው ሰው ያስፈልገዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰዓቱ እንዳይቆምበት ሲል እነ ሪቺ ዋና ከተማው ውስጥ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ሪቺ በ1610 ሲሞት የተቀበረውም እዚያው ቤጂንግ ነው። ከዚያ በኋላ ለ200 ዓመታት ያህል ከአውሮፓ የመጡ ሰዓት አዋቂ መነኮሳት በቤተ መንግሥቱ አገልግለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። «ቻይናዎች ጊዜ መቁጠር አያውቁም ነበር፣ ሰዓቱን እንደ መጫወቻ ነው ያዩት» የሚል ወሬ በድሮ የአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ሞልቷል። ውሸት ነው። ሱ ሶንግ የተባለ ሹም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካይፌንግ ከተማ ላይ 12 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በውኃ ኃይል የሚሽከረከር የሰዓት ማማ አሠርቶ ነበር። ከማማው ውስጥ ትናንሽ አሻንጉሊቶች እየወጡ ሰዓቱን ያውጁ ነበር። አውሮፓ ያኔ ጥርስ ባለው መዘውር የሚሠራ ሰዓት ገና አልነበራትም።

ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው። ቻይናዎች ሌትና ቀኑን በ12 ይከፍሉታል፤ አንዱ ክፍል የእኛን ሁለት ሰዓት ያክላል። የመጀመሪያው፣ «የአይጥ ሰዓት» የሚባለው፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጀምሮ እስከ 7 ሰዓት ይቆያል። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች ይህ አይከብደንም፤ አንድ ሰዓት ላይ ያለ ዘንግ ለሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ሊናገር እንደሚችል በየቀኑ እናየዋለን። የፈረንጅ ሰዓት ለቻይናው የግድ የሚያስፈልግ መሣሪያ አልነበረም። የወደደው ስላማረውና ስለገረመው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

*

የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ሰዓት ወዳዶች ነበሩ። ካንግሺ (1661-1722) ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሰዓት መሥሪያ አቋቋመ። የኢናሜል መሥሪያም ነበረው፤ ጥበቡን የሚያውቁ ሰዎች ከአውሮፓ እንዲላኩለት ይጠይቅ ነበር። የልጅ ልጁ ቺየንሎንግ (1735-1796) ደግሞ ባሰበት። ዛሬ ቤጂንግ የሚገኘው የቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ከ1,000 በላይ የድሮ ሰዓቶች አሉት። ብዙዎቹ የሱ ዘመን ናቸው። ሁሉም ከውጭ የመጡ እንዳይመስሏችሁ፤ በቤተ መንግሥቱ፣ በጓንግዡና በሱዡ የተሠሩም አሉባቸው። ቻይናው ገዢ ብቻ አልነበረም፤ ሠሪም ነበር።

ከ1757 ጀምሮ የአውሮፓ መርከቦች እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በአንድ ወደብ ብቻ ነበር። ወደቡ ጓንግዡ ነው፤ ፈረንጆቹ ካንተን ይሉታል። እዚያም ቢሆን ፈረንጅ እንደፈለገ ገበያ ወጥቶ አይነግድም። መንግሥት ፈቃድ ከሰጣቸው ጥቂት የቻይና ነጋዴዎች ጋር ብቻ ነው የሚገበያየው። እነሱ «ሆንግ» ይባላሉ። ከበላያቸው ደግሞ የቀረጥ ሹሙ አለ፤ ፈረንጆቹ «ሆፖ» የሚሉት።

ሆፖው ሥልጣኑ ላይ እንዲሰነብት ለቤጂንግ ስጦታ መላክ አለበት። ቤጂንግ ደግሞ የሚወደው ሰዓትና መሰል ብልሃተኛ ዕቃ ነው። ታዲያ ሆፖው ከኪሱ አያወጣም። ሆንጎቹን ይጠራና «አቅርቡ» ይላቸዋል። እነሱ ከፈረንጁ በውድ ይገዛሉ፣ ለሆፖው በርካሽ ወይም በነጻ ያስረክባሉ። ለዚህ ሲሉ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቁና የከሰሩ ሆንጎች ነበሩ። ስለነዚህ ሰዓቶች ውበት ሲወራ የሆንጎቹን ስም የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ቤጂንግ ላይ ወፍ የምትዘምርበት ሰዓት ሲከፈት፣ ጓንግዡ ላይ አንድ ነጋዴ ዕዳ ይቆጥራል።

*

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ። ጄምስ ኮክስ የሚባል ጌጣ ጌጥ ነጋዴ ነበር። በ1760ዎቹ ለቻይና ገበያ ብሎ ጉድ የሚያሰኙ ዕቃዎች ማሠራት ጀመረ፦ ዝሆን የሚራመድበት ሰዓት፣ አበባ የሚፈካበት ሰዓት፣ ሙዚቃ የሚጫወት የወርቅ ሣጥን። ሰሜን እንግሊዝ ቦውስ ሙዚየም ውስጥ ያለችው፣ አንገቷን አዙራ ዓሣ የምታነሳው የብር ስዋን ወፍ ከሱ ቤት የወጣች ናት። በካንተን የነጋዴዎች ቋንቋ ይህ ዓይነቱ ዕቃ ሁሉ «ሲንግ-ሶንግ» ይባል ነበር፤ ዘፈን-ዘፈን እንደማለት ነው።

ኮክስ ከመጠን በላይ አሠራና ዕቃው ተከማቸበት። በ1781 ልጁ ጆን ሄንሪ ኮክስ ያልተሸጠውን ሊሸጥ ካንተን ሄደ። እዚያ ሸሪኮች አገኘና ንግድ ቤት ከፈተ። ይህን ንግድ ቤት በደንብ አስታውሱት። በ1780ዎቹ መጨረሻ ስሙ «ኮክስና ቢል» ነበር። ዳንኤል ቢል እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ ካንተን የተቀመጠው በፕሩሲያ ቆንስልነት ነው! የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የእንግሊዞችን የቻይና ንግድ በሞኖፖል ይዞ ስለነበር፣ ከኩባንያው ውጭ ያለ እንግሊዛዊ በቀላሉ መቆየት አይችልም። የሌላ አገር ባንዲራ መዋስ ዘዴያቸው ነበር።

የኮክስና ቢል ደንበኞች ከነበሩት አንዱ ስዊሱ ዣኬ-ድሮ ነው። ፒየር ዣኬ-ድሮ፣ ልጁ ሄንሪ-ሉዊና አብሯቸው ያደገው ሌሾ፣ ብዕር ይዞ የሚጽፍ አሻንጉሊት የሠሩ ሰዎች ናቸው። በ1774 ለሕዝብ ያሳዩት ይህ አሻንጉሊት ዛሬም ኑሻቴል ሙዚየም ውስጥ ይጽፋል። እነሱ የሠሯቸው በኢናሜል ያጌጡ ሰዓቶችና የወፍ ሣጥኖች በዚያ ንግድ ቤት በኩል ቻይና ይገቡ ነበር። ከነሱ ቀጥሎ የጄኔቫ ባለሙያዎች በሙሉ ተከተሉ።

*

ስለ ኢናሜሉ ትንሽ ልበል፤ ያለሱ የሰዓቶቹ ዋጋ አይገባም።

ኢናሜል ሁላችንም ቤት ነበረ። ያ አበባ ያለበት ነጭ የብረት ሰሃን፣ ሲወድቅ የሚሸረፈውና ከሥሩ ጥቁር ብረት የሚታይበት፣ እሱ ኢናሜል ነው። መስታወት ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፣ ብረት ላይ ይነሰነሳል፣ እሳት ውስጥ ይገባና ቀልጦ ይጣበቃል። የጄኔቫው ሥራም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በብረት ፈንታ ወርቅ፣ በሰሃን ፈንታ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ቦታ፣ በአንድ አበባ ፈንታ ሙሉ ሥዕል መሆኑ ነው።

ቀለሙ የሚመጣው ከማዕድን ነው። ኮባልት ሰማያዊ ይሰጣል፣ መዳብ አረንጓዴ፣ ወርቅ ራሱ ደግሞ ሮዝና ቀይ። ሠዓሊው ጥቂት ፀጉር ባላት ብሩሽ፣ በማጉያ መነጽር እያየ ይሥላል። ከዚያ 800 ዲግሪ ገደማ በሚሆን እሳት ይጠበሳል። ይወጣል፣ ሌላ ቀለም ይጨመራል፣ እንደገና ይገባል። እንዲህ እያለ ደጋግሞ ይመላለሳል። ከእሳት በፊትና ከእሳት በኋላ ቀለሙ አንድ ስላልሆነ፣ ሠዓሊው ብሩሹን ሲያነሳ የሚያየው ቀለም የሚፈልገውን አይደለም፤ የሚሆነውን በሐሳቡ ነው የሚያየው። ከኋላ በኩልም ኢናሜል ይቀባል፤ አለዚያ ወርቁ ሲበርድ ይጎብጥና ሥዕሉን ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ ጥርት ያለ መስታወት ከላይ ይለብሳል። በአንዱ የእሳት ዙር አንዲት አረፋ ከወጣች የሳምንታት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ሉሎቹ እሳት ስለማይችሉ የሚሰኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ጄኔቫ ውስጥ ዣን-ሉዊ ሪሽተር የሚባል ሠዓሊ (1766-1841) በዚህ ሥራ ስም ነበረው። የሐይቅ ዳር መልክዓ ምድር፣ መርከብ፣ ተራራ ይሥል ነበር። እስቲ አስቡት፤ ጓንግዡ የተቀመጠ ሀብታም ኪሱ ውስጥ የጄኔቫን ሐይቅ ይዞ ሲዞር።

*

በ1793 ሎርድ ማካርትኒ የእንግሊዙን ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን ወክሎ ወደ ቺየንሎንግ ሄደ። ዓላማው አንድ ነው፤ ተጨማሪ ወደቦች ይከፈቱልን፣ በቤጂንግም እንደራሴ ይኑረን። ስጦታዎቹ መካከል ሰዓቶችና የፕላኔቶችን ዙረት የሚያሳይ ትልቅ መሣሪያ ነበሩ። ቻይናን ያስደንቃል ብለው ነው ያንን ሁሉ ባሕር ያሻገሩት።

ቺየንሎንግን ያገኙት በበጋ ቤተ መንግሥቱ ነው። አስጎበኟቸው። ማካርትኒ በየአዳራሹ ያየው ነገር በማስታወሻው ሰፍሯል፤ ሰዓቶች፣ የሰማይ አካላት ማሳያዎች፣ ሙዚቃ የሚጫወቱ መሣሪያዎች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል። ይዞ የመጣው ስጦታ ከነሱ ጋር ሲተያይ ማፈሪያ እንደሚሆን ራሱ ጽፏል። ከነዚያም ውስጥ ሲንግ-ሶንጎቹ ነበሩ፤ የራሱ አገር ነጋዴዎች ቀድመውታል።

ቺየንሎንግ ለጆርጅ የላከው መልስ ታዋቂ ነው። ፍሬ ነገሩ፣ አገራችን ሁሉ ነገር አላት፣ የእናንተ ዕቃ አያስፈልገንም የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ደብዳቤ የቻይናን ትዕቢት ለማሳየት ይጠቀሳል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ሰውየው ሰዓት ይወዳል፣ ይገዛል፣ ይሰበስባል። ነገር ግን «ያለሱ መኖር እችላለሁ» እያለ ነው። ያማረህን ነገር መተው ትችላለህ። ለጌጥ የምትገዛው ዕቃ አንቆ አይዝህም። ለንደን ያስቸገራት ይኸው ነው።

ምክንያቱም እንግሊዝ ያለ ሻይ መኖር አልቻለችም። በ1784 ፓርላማው የሻይ ቀረጥ ከ100 ከመቶ በላይ ከነበረበት ወደ 12.5 ከመቶ ሲያወርደው ሻይ የድሃው ቤት መጠጥ ሆነ። ያ ሁሉ ሻይ ቅጠል የሚመጣው ከጓንግዡ ነው። ቻይናው ደግሞ ሱፍ አይፈልግም፣ ስለዚህ የሚከፈለው በብር ማዕድን ነበር። ከላቲን አሜሪካ የተቆፈረ ብር በመርከብ ተጭኖ ቻይና ይገባል። ሰዓት ይህን ጉድጓድ መሙላት አይችልም። ስንት ሀብታም ስንት የወርቅ ሰዓት ይገዛል?

*

እዚህ ላይ ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ መንገድ ወደ ተራራ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ቤንጋል የኦፒየም እርሻ ይወርዳል። ከተራራው እንጀምር።

በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ግዛት፣ ቫል-ደ-ትራቨር በሚባል ሸለቆ፣ ፍለሪየ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ክረምቱ ረጅም ነው፣ በረዶው ከባድ ነው። ገበሬው እርሻ በሌለበት ወራት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሰዓት ክፍሎች ይሠራል። አንዱ ጥርስ ያለው መዘውር፣ አንዱ ብሎን፣ አንዱ ጠምዛዛ ሽቦ። ከየቤቱ የሚሰበስብና የሚገጣጥም ነጋዴ አለ።

ኤድዋርድ ቦቬ በ1797 የሰዓት ሠሪ ልጅ ሆኖ ፍለሪየ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ከወንድሞቹ ጋር ወደ ለንደን ወጣ፤ ሰዓት ወደ ቻይና የሚልክ ማኛክ የተባለ ንግድ ቤት ቀጠረው። በ1818 ቤቱ ኤድዋርድን ወደ ካንተን ላከው፤ ዕድሜው 21 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1822፣ ወንድማማቾቹ የራሳቸውን ኩባንያ ለንደን ላይ አቋቋሙ። ኤድዋርድ ካንተን ሆኖ ይሸጣል፣ ሌሎቹ በለንደንና በፍለሪየ ሆነው ሥራውን ይመራሉ። የገዢው ፍላጎት ከጓንግዡ በደብዳቤ ተነስቶ፣ ወራት በባሕር ተጉዞ፣ በረዶ ውስጥ የተቀመጠው ገበሬ መስኮት ሥር ይደርሳል።

ፍላጎቱን እንዴት እንዳጠኑት ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጥንድ። በቻይና ክቡር ስጦታ በጥንድ ሲሆን ያምራል። ስለዚህ ሰዓቶቹን ሁለት ሁለት አድርገው ሠሩ። ሥዕሉ አንዱ የሌላው የመስታወት ነጸብራቅ ነው፤ በአንዷ ወፏ ወደ ግራ ብታይ በሌላዋ ወደ ቀኝ ታያለች።

ሁለተኛ፣ የሰከንድ ዘንግ። በተራ የኪስ ሰዓት የሰከንድ ዘንግ ትንሽ ናት፣ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ለቻይና የተሠራው ላይ ግን መሐል ተቀምጣ፣ ረዝማ፣ በሰከንድ አንዴ ብቻ ትዘላለች። ዛሬ በባትሪ የሚሠራው ሰዓታችን እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ ያኔ ግን ባትሪ የለም፣ ያንን እርምጃ በጥርስና በሽቦ ብቻ ማምጣት የከበደ ብልሃት ነበር።

ሦስተኛ፣ ሆድ ዕቃው። አውሮፓዊ የሰዓቱን ሆድ አያይም፤ ሰዓት ሠሪ ብቻ ነው የሚከፍተው። የቻይናው ገዢ ግን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ከጀርባው ሽፋን ሥር መስታወት አደረጉ፣ የውስጡን ብረት ሁሉ በአበባና በቅጠል ቅርጽ ቀረጹት፣ ብረቱን እንደ መስታወት አበሩት። በቻይና ፊደል «ቦዌይ» ብለው ስማቸውን ጻፉበት። ስሙ እዚያ በጣም ከመታወቁ የተነሳ የሰዓት መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ።

ኤድዋርድ በ1830 ወደ ፍለሪየ ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። ከቻይናዊት እናት የተወለደ የአራት ዓመት ልጁን ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን ለዚያች የተራራ ከተማ ይህ ምን ያህል መነጋገሪያ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ኤድዋርድ በፖለቲካም ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ኑሻቴል ያኔ በፕሩሲያ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ በ1831 ሪፐብሊካኖቹ ሲያምጹ ደገፋቸው፣ አመጹ ሲከሽፍ ድንበር ተሻግሮ ፈረንሳይ፣ ቤዛንሶን ተሰደደ። ኑሻቴል ሪፐብሊክ የሆነችው በ1848 ነው፤ እሱ በ1849 ሞተ።

*

አሁን ሁለተኛው መንገድ።

ያ በደንብ አስታውሱት ያልኳችሁ የኮክስ ንግድ ቤት ስሙን እየቀያየረ ቀጠለ። ኮክስ ወጣ፣ ቢል ቀረ፣ የሰዓት ነጋዴው የማኛክ ልጆች ገቡበት። ቦቬን የቀጠረው ያው የማኛክ ቤተሰብ ነው። ቤቱ ከሰዓቱ ጎን ለጎን ጥጥና ሌላ ሌላም ይነግድ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን እያደገ የመጣው የኦፒየም ንግዱ ነው። በ1820ዎቹ ዊልያም ጃርዲንና ጄምስ ማቴሰን ተቀላቀሉት። በ1832 የቤቱ ስም ጃርዲን ማቴሰን ሆነ። ታሪክ የተማረ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል፤ የዘመኑ ትልቁ የኦፒየም ነጋዴ ድርጅት ነው። መነሻው ግን ወፍ የሚዘምርባቸውን ሰዓቶች ሊሸጥ የመጣው የጄምስ ኮክስ ልጅ ነበር።

ኦፒየሙ የሚመረተው ቤንጋል ውስጥ፣ በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሞኖፖል ሥር ነው። ኩባንያው ካልካታ ላይ በጨረታ ይሸጠዋል፣ የግል ነጋዴዎቹ ጭነው ያሻግሩታል። በቻይና ሕግ ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው እገዳ የወጣው በ1729 ነው። ስለዚህ መርከቦቹ ከጓንግዡ ወጣ ብላ ያለች ሊንቲን የምትባል ደሴት አጠገብ ይቆማሉ፣ ፈጣን ጀልባዎች በሌሊት ያወርዱታል። በ1820 አካባቢ በዓመት 5,000 ሣጥን ያህል የነበረው በ1838 ወደ 40,000 ገደማ ደረሰ። የብሩ ጉዞም ተገለበጠ፤ ሲገባ የኖረው ብር ከቻይና መውጣት ጀመረ።

አያችሁ ልዩነቱን? ሰዓት የገዛ ሰው ሁለተኛ ሰዓት ላይገዛ ይችላል። ኦፒየም የገዛ ሰው ግን ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፣ ቤቱን ሸጦ ይመጣል። ቺየንሎንግ ለሰዓቱ «ያለሱ መኖር እችላለሁ» ብሎ ነበር። ሱሰኛው ይህን ማለት አይችልም። እንግሊዞች ሌላ የሚሸጥ ነገር አላጡም። ያጡት ቻይናው እምቢ ሊለው የማይችል ነገር ነው፤ አገኙትም።

በ1839 ኮሚሽነር ሊን ዘሹ ጓንግዡ ገባ። ከነጋዴዎቹ ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ተረከበና ሁመን በሚባል ቦታ በጉድጓድ ውኃ፣ ጨውና ኖራ አድርጎ አጠፋው። ጃርዲን ለንደን ላይ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ፓልመርስተንን ስለ ጦርነቱ አካሄድ መክሯል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጦር መርከብ፣ ሽንፈት፣ የ1842ቱ የናንጂንግ ውል፣ አምስት ወደቦች ክፍት፣ ሆንግ ኮንግ ለእንግሊዝ፣ 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ካሣ።

*

ታዲያ የስዊሶቹ ሰዓት ንጹሕ ነው ልንል ነው? እንደሱ አይደለም። ስዊሶቹ መድፍ አልተኮሱም። በመድፍ የተከፈቱት አምስቱ ወደቦች ግን ለነሱም ተከፍተዋል። ከ1842 በኋላ የፍለሪየ ሰዓት ሻንጋይም ሌላም ወደብ ገባ፤ ከቦቬ ሌላ እነ ቮሼና ዡቬም በሰፊው ነገዱ። ገዢው አሁን መኳንንት ብቻ አይደለም፤ መካከለኛ ነጋዴም ነው። ስለዚህ የወርቁና የኢናሜሉ ሥራ እያነሰ፣ ተራ የብር ሰዓት እየበዛ ሄደ። ከዚያ በፊትም ቢሆን እምቢ ማለት የማይችሉ ሰዎች በሰዓቱ ንግድ ውስጥ ነበሩ፤ ሆፖው «አቅርቡ» የሚላቸው ሆንጎች።

በ1860 በሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ቤጂንግ አጠገብ የሚገኘውን የዩዋንሚንግዩዋን ቤተ መንግሥት ዘረፉ፣ ከዚያም በሎርድ ኤልጂን ትእዛዝ እንግሊዞቹ አቃጠሉት። ከተዘረፈው ውስጥ ሰዓቶችና ሲንግ-ሶንጎች ነበሩ። ተሸጠው የሄዱ ዕቃዎች በወታደር ከረጢት ተመለሱ። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻገረ፤ መጀመሪያ በሽያጭ፣ ቀጥሎ በዝርፊያ። ዛሬ ጄኔቫ ያለው የፓቴክ ፊሊፕ ሙዚየም ውስጥ ለቻይና የተሠሩ የኢናሜል ሰዓቶች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ጨረታ ላይ ሲወጡ ደግሞ የቻይና ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይጫረቱባቸዋል።

ሰዓቶቹን በፎቶ ለማየት ከፈለጋችሁ የአንድ ጥንድ ፎቶ ፈልጉና ጎን ለጎን እዩት። ወፎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ያንን የሠሩት እጆች ገዢውን ለማስደሰት ምን ያህል እንደደከሙ ይታያል። ገዢውም ካልወደደው ጥሎት ሊሄድ ይችል ነበር፤ ሠሪው የደከመው ለዚህ ነው። ከዚያው ቤተሰብ፣ ከዚያው ወደብ፣ ገዢውን ማስደሰት ትተው ማሰርን የመረጡ ሰዎች ወጡ። ስለ ንግድ ሳስተምር ይህን ልዩነት ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ዕቃው ምን እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ፤ ገዢው እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

እስቲ እናንተ ደግሞ ንገሩኝ። ከተማራችሁት ታሪክ ውስጥ ገዢው እምቢ ማለት ያልቻለበት ሌላ ንግድ የትኛው ነው? ከሥር ጻፉልኝ፤ የምታስተምሩ ካላችሁ ደግሞ ለክፍላችሁ ውሰዱት።

መልካም ቅዳሜ።